የጥፋት ውሃ በማን ዕዳ መጣ?
መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ኦሪትን እንደ ምን እንደ ተረጐሙ

ኦሪት ዘፍጥረት የጥፋትን ውሃ ታሪክ በሰፊው ይተርካል፤ ምክንያቱን ግን በጥቂት ቃል ብቻ ያልፈዋል። የእግዚአብሔር ልጆች የሰውን ሴቶች ልጆች እንዳገቡ፥ ኃያላን እንደ ተወለዱ፥ ምድርም በግፍ እንደ ተሞላች ይናገራል። የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉት እነማን እንደ ሆኑ፥ ግፉ ከወዴት እንደ መጣ፥ እንስሳትና አዕዋፍ ስለ ምን ከበደለኞች ጋራ እንደ ጠፉ ግን አይገልጥም። አስተዋይ አንባቢ ከዚህ ሲደርስ ቆም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የጠየቀውም የዛሬው አንባቢ ብቻ አይደለም። ጌታ ከመወለዱ ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት አስቀድሞ የነበሩ የአይሁድ ጸሐፍት ይህንኑ ጠይቀው መልሳቸውን በመጽሐፍ አኑረዋል። ከእነዚህ መልሶች ሁለቱ ታላላቆች መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ናቸው።

ሁለቱም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሰማንያ አንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ይቈጠራሉ። ሄኖክ አስቀድሞ በአራማይስጥ፥ ኩፋሌ በዕብራይስጥ ተጻፉ፤ ኋላም ወደ ጽርዕ፥ ከጽርዕ ደግሞ በአክሱም መንግሥት ዘመን ወደ ግዕዝ ተመለሱ። በሌላው ዓለም ቅጂዎቻቸው እየተቈራረጡ ሲጠፉ፥ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ሆነው የተጠበቁት በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1773 ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ሄኖክን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ የጀርመኑ የግዕዝ ሊቅ አውግስጦስ ዲልማንም የግዕዙን ሄኖክ በ1851፥ የግዕዙን ኩፋሌ በ1859 አሳተመ። ከ1947 እስከ 1956 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ጥንታውያን ጥቅልሎች ሲገኙ፥ የአራማይስጡ ሄኖክና የዕብራይስጡ ኩፋሌ ቍርጥራጮች ከመካከላቸው ተገኙ፤ የሄኖክንም ቍርጥራጮች ዮዜፍ ሚሊክ በ1976 አሳተማቸው። ኢትዮጵያዊው ተወላጅ ሊቅ ኤፍሬም ይስሐቅ ደግሞ በ1983 ለወጣው የእንግሊዝኛ ትርጕሙ በጣና ሐይቅ በክብራን ደሴት የሚገኘውን የ15ኛውን መቶ ዓመት ብራና መሠረት አደረገ።

ይህን ክብር መናገር ቀላል ነው፤ ብዙዎችም ይናገሩታል። መጽሐፍን መጠበቅና መጽሐፍን ማንበብ ግን ሁለት ሥራ ነው። ዛሬ ስለ እነዚህ መጻሕፍት የሚነጋገሩ ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ይታያሉ። አንደኛው ወገን መጻሕፍቱን እንደ ምሥጢር ሣጥን እየተመለከተ የረዓይትን ቁመት፥ የመላእክትን ስም፥ የሰማይን በሮች ቍጥር ለቅሞ ይወጣል። ሁለተኛው ወገን በባዕድ ፊት ያፍርባቸውና ተረት ናቸው ብሎ ይተዋቸዋል። ሁለቱም አንድ ነገር ስተዋል፤ ይኸውም መጻሕፍቱ የኦሪት ትርጓሜዎች መሆናቸውን ነው። ትርጓሜ በመሆናቸውም የሚመሰገኑበት አለ፥ የሚመረመሩበትም አለ።

ኩፋሌ የትርጓሜውን ሥራ በግልጥ ይሠራል። መልአከ ገጽ በደብረ ሲና ለሙሴ የነገረው ነው በማለት፥ ከፍጥረት እስከ ሲና ያለውን ዘመን በ49 በ49 ዓመት እየከፈለ ታሪኩን እንደ ገና ይተርካል። ኦሪት ዝም ባለበት ሁሉ እርሱ መልስ አለው። ቃየል ማንን አገባ? እኅቱን አዋንን። የኖኅ ሚስት ስሟ ማን ነበር? እምዛራ። አዳም ከዕፀ በለስ በበላበት ቀን ይሞታል ተብሎ ሳለ እንዴት 930 ዓመት ኖረ? በሰማይ ዘንድ ሺህ ዓመት እንደ አንድ ቀን ነውና፥ አዳም ከሺህ 70 ሲጐድል መሞቱ በዚያው ቀን መሞቱ ነው። ይህ አነጋገር ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ለአዳም የተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ 5,500 ዓመት ተብሎ የሚተረጐመው በዚሁ ስሌት ነው።

በፍጥረት ነገርም እንደዚሁ ነው። ኦሪት ስድስቱን ዕለታት ሲነግር ፍጥረታቱን በቍጥር አይደምርም፤ ኩፋሌ ግን ይደምራል። በመጀመሪያው ቀን 7፥ በሁለተኛው 1፥ በሦስተኛው ገነትን ጨምሮ 4፥ በአራተኛው 3፥ በአምስተኛው 3፥ በስድስተኛው 4 ሥራ ተሠራ ብሎ በጠቅላላው 22 ያደርሰዋል፤ ይህንም ከአዳም እስከ ያዕቆብ ካሉት 22 አበው ጋራ ያስተካክለዋል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት የተማረ ሕፃን ሁሉ 22ን ያውቃታል። ይሁን እንጂ አከፋፈሉ ልዩ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት አራቱ ባሕርያት፥ ጨለማ፥ ሰባቱ ሰማያት እንደ አንድ ተቈጥረው፥ መላእክትና ብርሃን በእሑድ 8 ይሆናሉ፤ ሰኞ 1፥ ማክሰኞ 3፥ ረቡዕ 3፥ ሐሙስ 3፥ ዓርብ 4 ነው። ድምሩ አንድ ሲሆን ዝርዝሩ ተለውጧል። የኢትዮጵያ መምህራን ከጥንታዊው ትርጓሜ ጋራ በድምሩ ተስማምተው በዝርዝሩ የራሳቸውን መንገድ መሄዳቸው ከዚህ ይታያል።

ይህ ነጻነት በዘመን አቈጣጠርም ይገለጣል። ኩፋሌ ዓመቱ 364 ቀን፥ ማለት 52 ሱባዔ ብቻ እንዲሆን አጥብቆ ያዝዛል፤ በጨረቃ የሚቈጥሩትንም ይነቅፋል። የጥፋት ውሃ ታሪክ በእርሱ ዘንድ የዚህ አቈጣጠር ማስረጃ ነው። ኖኅ መርከብ እንዲሠራ የታዘዘበት፥ የቀላያት አፍ የተዘጋበት፥ ውሃው ወደ ጥልቅ መውረድ የጀመረበት፥ የተራሮች ራስ የታየበት ቀን በአራቱ የዓመቱ ክፍሎች መባቻ ላይ ተደልድሎ በዓል ሆኗል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፉን ተቀበለች፤ ዓመቷን ግን በ365 ቀን ከሩብ ትቈጥራለች፥ ፋሲካዋንም በባሕረ ሐሳብ ከጨረቃ ሌሊት ጋራ አስተባብራ ታወጣለች። ቤተ እስራኤልም ኩፋሌን ያከብራሉ፤ ትእዛዘ ሰንበት የተባለው መጽሐፋቸው ከእርሱ ብዙ ወስዷል። እንግዲህ መጽሐፍን መቀበል የመጽሐፉን ቃል ሁሉ ሳይመረምሩ መፈጸም እንዳልነበረ የታወቀ ነው። የቀደሙት ያነቡ ነበር፥ ይመርጡም ነበር።

ኩፋሌ በአቈጣጠርና በሕግ የሚጠነቀቅ መጽሐፍ ሲሆን፥ ሄኖክ የሚጮኽ መጽሐፍ ነው። የሄኖክ ታሪክ የሚጀምርበት ስፍራም ከቤይሩት ሩቅ አይደለም። ከመዝረዓ ተነሥቶ በደማስቆ መንገድ የሊባኖስን ተራራ ተሻግሮ ወደ በቃዕ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ፥ በስተ ደቡብ በረዶ የለበሰ ታላቅ ተራራ ያያል። ዐረቦች ጀበል አሽ ሸይኽ ይሉታል፤ ቁመቱ 2,814 ሜትር ነው፤ በመጽሐፍ አርሞንኤም የተባለው ይህ ነው። እንደ ሄኖክ ቃል ሁለት መቶ ትጉሃን መላእክት በአለቃቸው በስምያዛ መሪነት የወረዱት በዚህ ተራራ ራስ ላይ ነው። የሰውን ልጆች ሊያገቡ ተማማሉ፥ ከምክራቸውም የሚመለስ ርጉም እንዲሆን ተወጋገዙ፤ ተራራውም ከዚህ የተነሣ ተሰየመ ይላል። ጽርዑ ይህን የስም ምክንያት ሊያሰማ አልቻለም። ግዕዝና አማርኛ የሚያውቅ ሰው ግን እርም የሚለውን ቃል ሲያስብ የጥንቱን ጸሐፊ ሐሳብ ወዲያው ያገኘዋል። በተራራው ራስ ላይ የአሮጌ ቤተ ጣዖት ፍርስራሽ አለ፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም በዚያ ስለ መሐላ የሚናገር የጽርዕ ጽሕፈት ያለበት ድንጋይ ተገኝቷል። ጽሕፈቱ ከሄኖክ የኋላ ዘመን ቢሆንም፥ ተራራው በአገሩ ሰዎች ዘንድ የመሐላ ስፍራ ሆኖ መኖሩን ያመለክታል።

ሄኖክ የትጉሃኑን የይቅርታ ልመና ጽፎ ሲያነብ የተቀመጠውም በዳን ውሃ አጠገብ፥ ከአርሞንኤም በስተ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ የዳን ውሃ ከዮርዳኖስ ምንጮች አንዱ ነው። ትጉሃኑ ፊታቸውን ሸፍነው ሲያለቅሱ ያገኛቸው በሊባኖስና በሳኔር መካከል ነው። መጽሐፉን የጻፈው ሰው አገሩን ያውቅ እንደ ነበር ከዚህ ይታያል። ኩፋሌ በአንጻሩ መርከቢቱ በአራራት ተራሮች በሉባር ላይ እንደ ቆመች፥ ኖኅም በሉባር እንደ ተቀበረ ይናገራል። የበቃዕ ሰዎች ግን በዛሕሌ አጠገብ በከረክ ኑሕ መንደር እጅግ ረዥም መቃብር የኖኅ ነው ብለው ያከብራሉ። የጥፋት ውሃን ታሪክ እያንዳንዱ አገር ወደ ራሱ ተራራና ሸለቆ ማቅረቡ ነውር አይደለም፤ ታሪኩ የሁሉ ስለ ሆነ ነው።

ሁለቱን መጻሕፍት አስተባብሮ ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ይበቃል። በግዕዙ ሄኖክ በ6ኛው ምዕራፍ ትጉሃን የወረዱበት ስፍራ አርዲስ ይባላል፤ የአርሞንኤም ራስ እርሱ ነው ይላል። አርዲስ የሚባል ስፍራ ግን ሌላ ምስክር የለውም። የጽርዑ ቃል ሲመረመር ነገሩ በያሬድ ዘመን ሆነ እንደሚል ታወቀ፤ ያሬድ የሚለው ስምና ወደ ማለት የሆነው የጽርዕ ቃል ተጋጥመው በመነበባቸው አርዲስ የሚል የስፍራ ስም ተፈጠረ። ኩፋሌ ደግሞ ያሬድ ያሬድ መባሉ በዘመኑ መላእክት ስለ ወረዱ ነው ብሎ በግልጥ ጽፏል። በዕብራይስጥ የስሙ ሥር መውረድ ነው፤ የግዕዙና የአማርኛው ወረደ የዚያ ዘመድ ነው። ስለዚህ በአንዱ የግዕዝ መጽሐፍ የደረሰውን ስሕተት ሌላው የግዕዝ መጽሐፍ ያቀናዋል። በአንድ ዕቃ ቤት ጐን ለጐን ለኖሩ መጻሕፍት ይህ የሚገባ አገልግሎት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መመለስ ይገባል። ምድር በግፍ የተሞላችው በማን ነው? ሄኖክ በመጀመሪያው ክፍሉ ሲመልስ፥ ክፋቱ ከላይ መጣ ይላል። አዛዝኤል ለሰዎች ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፥ ለሴቶችም ኩልና ጌጥን አስተማረ፤ ሌሎቹ ሥር መቍረጥን፥ አስማትን፥ የከዋክብትን ጥንቈላ አስተማሩ። ከእነርሱ የተወለዱት ረዓይት አስቀድሞ የሰውን ድካም በሉ፤ ድካሙ ባልበቃቸው ጊዜ ሰውን ራሱን በሉ። ምድር ከሰሰች፥ የሙታን ነፍሳት ጮኹ፥ አራቱ ሊቃነ መላእክትም ሰምተው ጩኸቱን ወደ ልዑል አደረሱ። ውሃው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኦሪት በአንድ ቃል ግፍ ያለውን ሄኖክ ሥጋ አልብሶ አቆመው። የተገደሉት ሰዎች በኦሪት ድምፅ አልነበራቸውም፤ በሄኖክ አላቸው። በዚህ ነገር ከጥንት ተርጓሚዎች ማንም አይተካከለውም።

ነገር ግን ይኸው ኀይሉ ድካሙንም ይዟል። በ10ኛው ምዕራፍ ምድር የጠፋችው ከአዛዝኤል በተማረችው ሥራ ነውና ኀጢአት ሁሉ በእርሱ ይጻፍ የሚል ትእዛዝ ይወጣል። ኀጢአት ሁሉ በአዛዝኤል ከተጻፈ፥ ሰይፉን የመዘዘው ሰው ምን ዕዳ ቀረበት? የሰው ሴቶች ልጆችም በታሪኩ ውስጥ ይታያሉ፥ ይወሰዳሉ፥ ይወልዳሉ፤ አንዲት ቃል ግን አይናገሩም። ሰው በደለኛም ተበዳይም ሆኖ ሳለ፥ እዚህ ላይ ተበዳይ ብቻ ይመስላል። ያልበደለ ከሆነ ደግሞ በውሃ መጥፋቱ ፍርድ አይሆንም። ሄኖክ አንዱን ጥያቄ ሲመልስ ሌላውን ከፈተ።

ኩፋሌ ይህን ያስተዋለ ይመስላል። ትጉሃን የወረዱት ለክፋት ሳይሆን የሰውን ልጆች ፍርድና ጽድቅ ሊያስተምሩ ተልከው ነበር፤ የሳቱት ከወረዱ በኋላ ነው ይላል። በዚህም ሰማይን ከነቀፋ አዳነ። ሥጋ ሁሉ፥ ሰውም እንስሳም አዕዋፍም፥ መንገዱን አበላሽቶ እርስ በርሱ መበላላት እንደ ጀመረ ተናግሮ የእንስሳቱን ጥፋት ምክንያት ሰጠ። ኖኅም በ7ኛው ምዕራፍ ለልጆቹ ሲናዘዝ የጥፋት ውሃ በሦስት ነገር፥ በዝሙት፥ በርኵሰትና በዐመፃ እንደ መጣ ነግሮ ደም እንዳያፈሱ ያስጠነቅቃቸዋል። እንግዲህ ሰው የሚጠየቅበት ሕግ አለ። ከውሃው በኋላ የረዓይት ርኩሳን መናፍስት የኖኅን የልጅ ልጆች ባስጨነቁ ጊዜም ኖኅ ጸለየ፤ ከአሥሩ እጅ ዘጠኙ ታሰሩ፥ አንዱ እጅ ብቻ በመስቴማ ሥር ቀረ፤ ቅዱሳን መላእክትም ለኖኅ የዕፀዋትን መድኃኒት አስተማሩት። በሄኖክ ሥር መቍረጥ የወደቁት መላእክት የክፋት ትምህርት ነበር፤ በኩፋሌ ያው ዕፅ በጸሎት ለተጠየቀ ፈውስ ሆነ። ይህ ብልህ ትርጓሜ ነው፤ ነገሩ ክፉ የሚሆነው በዕፁ ሳይሆን በተቀባዩና በሰጪው ሐሳብ መሆኑን ያሳያልና።

የኩፋሌ ጕድለት በሌላ በኩል ነው። ሁሉን ነገር ወደ ሕግና ወደ በዓል ስለሚመልስ፥ የጥፋቱ ድንጋጤ ከእጁ ያመልጣል። ውሃው መቼ እንደ ወጣና መቼ እንደ ጐደለ በቀን ተቈጥሮ ይነገራል፤ የሰመጡት ሰዎች ግን አይሰሙም። ኖኅ በወይን መስከሩ ኦሪት ሳይሸሽግ የጻፈው ድካም ነው። ኩፋሌ ስካሩን አልሰረዘም፤ ነገር ግን ወይኑ እስከ ተፈቀደው ጊዜ እንደ ተጠበቀ፥ መሥዋዕቱም በሥርዓት እንደ ቀረበ፥ መጠጡም በበዓል ደስታ እንደ ሆነ ጨምሮ ነውሩን በክህነት ልብስ ሸፈነው። አበው ሁሉ ሕገ ሲና ሳይሰጥ ሕገ ሲናን ሲጠብቁ ይታያሉ። መጽሐፉ የሚያስተምረው ብዙ ነው፤ የሚያስለቅሰው ግን ጥቂት ነው።

የእግዚአብሔር ልጆችን ነገር በመላእክት መተርጐም በአይሁድም ዘንድ ሁሉን አላስማማም። ቤሬሺት ራባ በተባለው የጥንት የአይሁድ ትርጓሜ መጽሐፍ፥ ረቢ ስምዖን ወልደ ዮሐይ የዳኞች ልጆች ናቸው ብሎ እንደ ተረጐመና የእግዚአብሔር ልጆች የሚሉትን እንደ ረገመ ተጽፏል። ከክርስቲያን አበው ማር ኤፍሬም ሶርያዊና ዮሐንስ አፈ ወርቅ የሴት ልጆች ናቸው ብለው ተረጐሙ። የኢትዮጵያ አንድምታ መምህራንም ይህንኑ ያስተምራሉ፤ መላእክት አያገቡም ከሚለው የጌታ ቃል ተነሥተው፥ በደብር ቅዱስ በንጽሕና የኖሩት ደቂቀ ሴት ወደ ደቂቀ ቃየል ወርደው ተደባለቁ ይላሉ። በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሶርያዊው ሊቅ ባር ሄብራዎስ ደቂቀ ሴት በንጽሕና የኖሩበት ተራራ አርሞንኤም ነው ብሎ ጽፏል። ተራራው ያው ነው፤ ከላዩ የወረዱት ግን መላእክት መሆናቸው ቀርቶ ሰዎች ሆኑ።

እንግዲህ ሄኖክን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቈጥር ቤተ ክርስቲያን፥ በትርጓሜዋ ከሄኖክ ፊደል የተለየ መንገድ ሄደች። አንዳንዱ ይህን እንደ ግጭት ቈጥሮ አንዱ ወገን ይጣል ይላል። መጽሐፉን በሙሉ ያነበበ ግን እንዲህ አይቸኵልም። መጽሐፈ ሄኖክ በአንድ ሰው እጅ በአንድ ጊዜ የተጻፈ አይደለም፤ ሊቃውንት በየዘመናቸው የተጻፉ አምስት ክፍሎች አሉት ይላሉ። በ10ኛው ምዕራፍ ኀጢአት ሁሉ በአዛዝኤል ይጻፍ ያለው ያው መጽሐፍ፥ በመጨረሻው ክፍሉ በ98ኛው ምዕራፍ ፈጽሞ የተለየ ነገር ይናገራል፤ ኀጢአት ወደ ምድር ከላይ አልተላከችም፥ ሰዎች ከራሳቸው ፈጠሯት እንጂ ይላል። እንግዲህ ሄኖክን አስቀድሞ የመረመረው ሄኖክ ራሱ ነው። የአንድምታ መምህራን ደቂቀ ሴት ሲሉ ከ6ኛው ምዕራፍ ፊደል ራቁ፤ ወደ 98ኛው ምዕራፍ ሐሳብ ግን ቀረቡ።

ለአንድምታውም ቢሆን ወቀሳ አይጠፋም። በደሉን ወደ ሰው ፈቃድ መመለሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ታሪኩን ወደ ጋብቻ መደባለቅ ብቻ ያጠበበ እንደ ሆነ፥ የሄኖክ ታላቅ ምስክርነት ይጠፋል። በሄኖክ የጥፋት ውሃን ያመጣው የሰውን ድካም መብላት፥ ጦር መሥራት፥ ደም ማፍሰስ ነው። ከሄኖክ ጩኸቱን፥ ከኩፋሌ ሕጉን፥ ከአንድምታው የፈቃድን ነገር ያልወሰደ አንባቢ ከታሪኩ ሲሶውን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ይህ የመምህራን ክርክር ብቻ እንዳይመስል፥ ጥያቄው ዛሬም በሰው አፍ እንደሚኖር መመልከት ይገባል። በሊባኖስ ከ1975 እስከ 1990 ስለ ተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ሲነገር፥ የውጭ ሰዎች በአገሩ ላይ ያመጡት ነው የሚል አለ፤ የአገሩ ሰዎች በገዛ እጃቸው ያደረጉት ነው የሚልም አለ። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ ስለ ሆነው ጦርነትም ያው ሁለት ዐይነት ነገር ይነገራል። የመጀመሪያው ቃል የ10ኛው ምዕራፍ ቃል ነው፥ ሁለተኛው የ98ኛው። ጦርን ያስተማረ፥ ጦርንም የሸጠ ባዕድ ሊኖር ይችላል፤ ሄኖክ ይህን አልካደም። ነገር ግን አስተማሪው መፈረዱ የተማሪውን እጅ አያነጻም።

በቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። በሰው አገር ቤት ስትጠርግና ሕፃን ስታሳድግ ኖራ ደመወዟን የተከለከለች ሴት፥ የሰውን ድካም የበሉትን ረዓይት ታሪክ ስታነብ ማንም ሳይተረጕምላት ይገባታል። ረዓይታዊ ለመሆን ቁመት አያስፈልግም፤ የሌላውን ድካም በልቶ አለመጥገብ ይበቃል። ለእርሷ የሄኖክ ቃል ታላቅ መጽናኛ ነው፤ ጩኸቷ ወደ ላይ እንደሚደርስ ይነግራታልና። ደመወዙን የያዘው ሰው ግን ሰይጣን አሳተኝ፥ ዘመኑ ከፋ፥ ችግር ያዘኝ ቢል፥ የሄኖክ መጨረሻ ክፍልና የኖኅ ኑዛዜ በአንድነት ይመልሱለታል። የተበደለም ሰው ቢሆን የደረሰበትን መከራ ሁሉ ለዓይነ ጥላና ለመተት ብቻ ቢሰጥ፥ በደለኛውን ከፍርድ ያስመልጣል፤ ለራሱም ሥር ቈራጭ ፍለጋ ገንዘቡን ይጨርሳል። ኩፋሌ ኖኅን ያሳየው በጸሎት ቆሞ ነው፥ መድኃኒቱም የተሰጠው ከጸሎቱ በኋላ ነው።

ሁለቱ መጻሕፍት እስከ ዛሬ መቈየታቸው ለኢትዮጵያ ጸሐፍትና መነኰሳት ትዕግሥት ታላቅ ምስክር ነው። በግ አርደው፥ ብራና ፍቀው፥ ቀለም በጥብጠው የገለበጧቸው በሣጥን ተዘግተው እንዲመሰገኑ አልነበረም። የሚያነባቸውም ሰው ከየትኛው ሰማይ የትኛው መልአክ ወረደ ብሎ ከመከራከሩ አስቀድሞ፥ ምድር ዛሬ ብትከስስ ማንን እንደምትከስስ ይመርምር። ኦሪት በዝምታ ያለፈችውን ጥያቄ አይሁድ በሁለት መጽሐፍ መለሱት፥ የቤተ ክርስቲያን መምህራን በሦስተኛ ቃል መለሱት፤ የቀረው መልስ ግፍን በገዛ እጁ መተው የሚችል የእያንዳንዱ ሰው መልስ ነው።